ልጆቻችን ምን ቀምሰው ነው ት/ቤት የሚሄዱት?

በወላጆች ስብሰባ ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ያሰሙት ንግግር። በስብሰባው ላይ መገኘት ላልቻላችሁ አባላት እንዲደርስ ኮሚቴው በወሰነው መሠረት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።




ለዛሬ የተያዙት አጀንዳዎች ሦስት ሲሆኑ የፍሳሹን ቦይና የጥበቃውን ደመወዝ ጉዳይ ሊቀ መንበሩ ስለሚያቀርቡት እኔ የምናገረው በሦስተኛው ብቻ ነው። እሱም የተማሪዎች ቁርስ ነው። አጀንዳው በሰሌዳው ላይ ሲለጠፍ አንዳንድ ሰዎች «ማኅበሩ ደግሞ ማዕድ ቤታችን ገባ እንዴ?» ብለው እንደቀለዱ ሰምቻለሁ። ቀልዱ ጥሩ ነው፤ እኔም ስቄአለሁ። ነገር ግን በአንድ ቤት ማዕድ ቤት ውስጥ የሚጎድለው ነገር ክፍል ውስጥ ገብቶ ስለሚታይ፣ ከዚያም አልፎ የሰፈሩን ልጆች ሁሉ ስለሚነካ ነው ያነሣነው።

ምን ማለቴ ነው? በዚህ አዳራሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ተማሪዎች እንደሚያጠኑ ታውቃላችሁ። ቁልፉ እኔ ዘንድ ስለሆነ ከፍቼ እገባለሁ፣ እስኪያበቃም እቆያለሁ። ልጆቹ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ሲመጡ ሁሉም ደህና ናቸው፤ ይሣሣቃሉ፣ ይገፋፋሉ። 4 ሰዓት ሲጠጋ ግን ነገሩ ይለወጣል። አንዱ በክንዱ ላይ ይደፋል፣ ሌላው ያዛጋል፣ አንዲቱ የተጠየቀችውን ሁለት ጊዜ ካልደገሙላት አትሰማም፣ ሁለቱ ደግሞ በእርሳስ ይጣላሉ። እኔ በልቤ «የዛሬ ልጅ መቼ ትምህርት ይወዳል» እል ነበር። የሚያስጠኗቸው ጡረታ የወጡት መምህር ግን «ይኼ ስንፍና አይመስለኝም፣ እስቲ ጠዋት ምን እንደቀመሱ ጠይቃቸው» አሉኝ። ጠየቅሁ። ሻይ በዳቦ የሚለው መልስ በዛ። ሻይ ብቻ ያሉም ነበሩ። ምንም ያልቀመሱትን የማውቃቸው ዝም ስለሚሉ ነው። ልጅ በልቶ ከሆነ የበላውን ይናገራል፤ ካልበላ መሬት መሬት ያያል።

ልብ በሉልኝ፣ ዝም ካሉት መካከል ቤታቸው ምንም የሌለ አሉ፣ ቤታቸው ሁሉም እያለ ያልቀመሱም አሉ። ሁለቱ የተለያየ ነገር ስለሆነ እመለስበታለሁ።

እኔ ትምህርቴን 6ኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምሁት። የሐኪም ንግግር ላደርግ አልቆምሁም። የምናገረው በዓይኔ ያየሁትን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ያስረዳችኝንና መምህሩ አንብበው የነገሩኝን ነው።

መጀመሪያ ሰዓቱን እንቁጠር። በብዙዎቻችን ቤት እራት የሚቀርበው ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ነው። ልጁ ጠዋት ሳይቀምስ ወጥቶ ምሳውን 6 ሰዓት ላይ ቢያገኝ 16 ሰዓት ሙሉ እህል በአፉ አልዞረም ማለት ነው። ከ24ቱ ሰዓት 16ቱን! በሬ እንኳ ጭድ ሳይቀምስ ቀንበር አይጫንበትም። እኛ ግን በልጁ ላይ ሒሳቡንም፣ እንግሊዝኛውንም፣ ሳይንሱንም የምንጭንበት በዚያው በባዶ ሆዱ ሰዓት ነው፤ ከባድ ከባዱ ትምህርት የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ጠዋት ነውና።

ባለሙያዋ እንዳስረዳችኝ የሰው አንጎል ከሰውነቱ ክብደት ከመቶ 2 እጅ ያህል ብቻ ነው የሚመዝነው፤ ሰውነታችን ከሚያጠፋው ኃይል ግን ከመቶ 20 እጅ ያህሉን የሚወስደው ይኸው ትንሽ ሥጋ ነው። በልጅ ላይ ደግሞ ድርሻው ከዚህ ይበልጣል። አንጎል የሚሠራበት ስኳር በደም አማካይነት ይደርሰዋል። ሌሊት ስንተኛ ጉበት ያጠራቀመውን ትንሽ በትንሽ እየለቀቀ ያሳድረናል፤ ጎተራ ማለት ነው። የልጅ ጎተራ ትንሽ ነው፣ አንጎሉ ግን ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ነው። ስለዚህ ትልቅ ሰው ያለ ቁርስ እስከ ቀትር ቢቆይና ምንም ባይሆን «ልጄም እንደኔ ነው» ማለት አይችልም። የልጁ ስንቅ ከኛ ቀድሞ ያልቃል። ሲያልቅ ደግሞ ልጁ «ራበኝ» አይልም። ይነጫነጫል፣ ይፈዛል፣ ሰሌዳው ላይ ያየውን ቁጥር ደብተሩ ላይ ሳያሰፍረው ይጠፋበታል። እኛም «ሰነፍ» እንለዋለን።

ባለፈው በኮሚቴ ስብሰባ ላይ ይህን ሳነሣ አንድ የማከብራቸው አባት «እኛ ያለ ቁርስ አይደል እንዴ የተማርነው?» አሉኝ። ጋሼ፣ እዚሁ ስላሉ በአክብሮት ልመልስልዎ። በእርስዎ ጊዜ ቁርስ ተብሎ በሳሕን አይቀርብም ይሆናል እንጂ ከእራት የተረፈችው እንጀራ በድልህ ትቀመስ ነበር፣ ቂጣም ነበር፣ ኪስ ሙሉ ቆሎም ነበር። እናቶቻችን ስሙን አላወጡለትም እንጂ ያበሉን ነበር። ሁለተኛም፣ ባዶ ሆዳቸውን ተምረው ለወግ የበቁትን ነው እንጂ የምናያቸው፣ ከመካከላቸው አቅቷቸው ትምህርቱን የተዉትን ማን ቆጠራቸው? እነሱ እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ ተነሥተው አይመሰክሩም።

ከባሕር ማዶም ማስረጃ አለ። ጃማይካ የምትባለዋ የደሴት አገር እንደኛው ብዙ ድሃ ያለባት ናት። በዚያ አገር ገጠር በ16 ት/ቤቶች የሚማሩ ከ800 በላይ ልጆችን ለሁለት ከፍለው ግማሾቹን በየትምህርት ቀኑ ቁርስ አበሏቸው፤ ለሌሎቹ ሩብ ብርቱካን ብቻ ሰጧቸው። አንድ የትምህርት ዓመት ሙሉ እንዲህ አደረጉ። ውጤቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1998 ታትሞ ወጣ። ቁርስ የበሉት ከት/ቤት መቅረታቸው ቀነሰ፣ በቁመትና በክብደት ትንሽ ትንሽ ቀደሙ፣ ከነሱም ውስጥ ታናናሾቹ በሒሳብ ተሻሻሉ። ጥቅሙ ተአምር የሚባል አልነበረም፤ ደካማው ተማሪ በአንድ ዓመት አንደኛ አልወጣም። ግን ልዩነቱ ታየ። ሌላም የሚያስቅ ነገር በዚያው አገር ተገኝቷል። በደንብ በተደራጀው ክፍል ውስጥ ቁርስ የበሉት ልጆች ትምህርታቸውን በርትተው ሲከታተሉ፣ በተጨናነቁትና በቂ ዕቃ በሌላቸው ት/ቤቶች ግን ቁርስ የበሉት ልጆች ወሬ ጨመሩ! ጉልበት አገኙ፣ ጉልበቱን የሚያውሉበት ግን አጡ። ይህን የምናገረው ቁርስ መምህርንና መጽሐፍን ይተካል የሚል እንዳይኖር ነው። አይተካም።

አሁን ወደ ራሳችን ጠረጴዛ እንምጣ። «ልጄ በልቶ ነው የሚሄደው» የምንል ብዙ ነን። ምን በልቶ? ሻይ በዳቦ። በአንዷ ስኒ ውስጥ ሦስት ማንኪያ ስኳር አለ። ዳቦውም ነጭ ዱቄት ነው። ይህ ቶሎ ይገባል፣ ቶሎ ያልቃል፤ እንደ ጭራሮ እሳት ማለት ነው፣ ቦግ ብሎ ይጠፋል። ልጁ በ2 ሰዓት ጠግቦ 4 ሰዓት ሳይሞላ ይርበዋል። ገብስ፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ጤፍ ግን እንደ ግንድ ናቸው፤ ቀስ ብለው እየነደዱ ያቆያሉ።

ሻይን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፣ ይህን እኔም የሰማሁት በቅርብ ጊዜ ነው። ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ በእህልና በአትክልት ውስጥ ያለውን አይረን የሚባለውን ነገር ሰውነት እንዳይወስደው ይይዝበታል። አይረን ያነሰው ልጅ ደሙ ያንሳል፤ ደሙ ያነሰ ልጅ ይደክመዋል፣ ትምህርትም በቶሎ አይገባውም። በተለይ የወር አበባ የጀመሩ ልጃገረዶች በዚህ በኩል ይጎዳሉ። ስለዚህ ሻይ ከቤታችን ይውጣ አላልሁም፤ እኔም ያለ ሻይ አልውልም። ልጆቹ ከቁርሱ ጋር ውኃ ይጠጡ፣ ሻዩን ከአንድ ሰዓት በኋላ ወይም ከት/ቤት ሲመለሱ ይጠጡት ነው የምለው። በአንጻሩ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ሎሚ፣ ብርቱካን ከምግቡ ጋር ሲገኙ ይህንኑ አይረን ሰውነት እንዲወስደው ያግዛሉ። እንግዲህ ፍርፍሩ ላይ ጥሬ ቲማቲምና ቃሪያ ጣል የምታደርገው እናት ሳታውቀው ሐኪም ሆናለች ማለት ነው።

«ታዲያ እንቁላልና ወተት ከየት እናምጣ?» የምትሉ አላችሁ። ያለው ያብላ፣ እሰየው ነው። የሌለው ግን እንዳይሸማቀቅ። ትናንት የተጋገረው እንጀራ ከትናንቱ ሽሮ ጋር ቢፈረፈር ሙሉ ቁርስ ነው። የእህልና የጥራጥሬ መገናኘት ትልቅ ነገር ነው፤ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላለታል። ቅንጬ ከዳቦ ይልቃል። ማታ የተዘፈዘፈ ባቄላና ስንዴ ለንፍሮ ይሆናል። መብራት ሲጠፋና ከሰል ሲወደድ ደግሞ እሳት የማይጠይቀው በሶ አለ። አንዴ ተቆልቶ ከተፈጨ ወር ይቀመጣል፣ በውኃና በጨው ተበጥብጦ ይጠጣል ወይም ተጨብጦ በምሳ ዕቃ ይገባል። ከተማ ገባን ብለን በሶን የመንገደኛና የገበሬ ምግብ አድርገን ናቅነው። ልጆቻችንም እኛ የናቅነውን ናቁ። የሰፈራችን ሯጮች ግን ከልምምድ በፊት የሚጠጡት እሱኑ ነው፤ ይህን ለልጆቻችሁ ንገሩልኝ፣ ከኔ ምክር ይልቅ እሱ ይሰማል። በጾም ወራትም ቢሆን በሶው፣ ሽሮው፣ ሱፍ ፍትፍቱና ቆሎው ሁሉ ጾም ናቸው፣ ስለዚህ ማመካኛ አይኖረንም።

ጠዋት ጠዋት «አልበላም» የሚል ልጅም አለ። ይህን ከእናቶች ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ማታ በቴሌቪዥንና በስልክ ሲያመሽ 4 ሰዓት ላይ በልቶ 5 ሰዓት ላይ የተኛ ልጅ ጠዋት ከእንቅልፉ ተጎትቶ ሲነሣ ሆዱ አይከፈትለትም፣ እውነቱን ነው። እራቱን ቀደም፣ እንቅልፉን ቀደም ማድረግ ነው መድኃኒቱ። እስከዚያው አታስገድዱት፤ ሁለት ጉርሻ ያህል ቀምሶ የቀረውን በቆሎ መልክ በኪሱ ይዞት ይሂድ፣ በዕረፍት ሰዓት ይበላዋል። የፈተና ቀን ጠዋት ደግሞ ብዙው ልጅ ከፍርሃት የተነሣ አይበላም፣ ባዶ ሆዱን ቡና ጠጥቶ የሚሮጥም አለ። እጁ የሚንቀጠቀጠው ፈተናው ከብዶት ብቻ አይደለም።

እዚህ ላይ የማይወደድ ነገር ልናገር ነው። በት/ቤቱ በር ላይ ከረሜላ፣ ብስኩት፣ በዘይት የተነከረ ፓስቲና ባለቀለም ጣፋጭ መጠጥ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ይሸጣል። ከሻጮቹ መካከል የማኅበራችን አባላት አሉ። የልጅ ማሳደጊያቸው ስለሆነ ተነሡ ማለት አይቻልም፣ ማኅበሩም እንዲህ ያለ ሐሳብ የለውም። እኔ የምለው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ቆሎ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ንፍሮና ሙዝ ለምን አይቀርብም ነው። አንዲት እናት ሞክረውት የድንቹ ድስት ከዕረፍት ሰዓት በፊት ማለቁን ነግረውኛል። ወላጆችም ብንሆን «ቁርስ ግዛበት» ብለን ብር ሰጥተን ስንልካቸው የሚገዙትን እናውቃለን። ልጅ ብር ይዞ ቆሎ አይገዛም። ያችን ብር ሳምንት ብናጠራቅማት ግን የሽሮ እህል ትሆናለች።

አሁን ቅድም እመለስበታለሁ ያልሁት ላይ ልምጣ። ቤት ውስጥ ቁርስ እያለ የማይቀምሱት እነማን ናቸው ብዬ ሳጣራ፣ አብዛኞቹ ሴቶች ልጆች ሆነው ተገኙ። ነገሩ እንዲህ ነው። እናት ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ለሥራ ትወጣለች፤ ጉልት የምትቸረችር አለች፣ ሰው ቤት የምትሠራ አለች፣ ፋብሪካ የምትገባ አለች። ቤቱን የምትይዘው ትልቋ ልጅ ናት። የ12 ወይም የ13 ዓመት ልጅ! ውኃ የመጣ ቀን ጀሪካን ትሞላለች፣ ታናናሾቿን ታጥባለች፣ ፍርፍሩን ሠርታ ታቀርባለች፣ ዕቃውን ታጥባለች። ወንድሞቿ በልተው ቦርሳቸውን አንግተው ሲወጡ እሷ ገና ፀጉሯን አልሠራችም። የቀረውን ሰዓት ስታየው ወይ መብላት አለባት ወይ በሰዓቱ መድረስ አለባት። ሰዓቱን ትመርጣለች። ያቀረበችውን ሳትቀምስ ትሄዳለች ማለት ነው። ከዚያም ሰኔ ላይ ውጤት ሲመጣ ወንድሟ ከሷ በልጦ ይገኛል፣ እኛም «እሱ ጎበዝ ነው» እንላለን።

ይህን ስናገር እናትየዋን መውቀሴ አይደለም፤ እሷማ ከሁሉ በፊት ተነሥታ፣ ከሁሉ በኋላ ትበላለች። ግን አባቶች አሉ፣ በዚያ ሰዓት ቤት ያሉ። የ10 ዓመት ወንድ ልጅም የበላበትን ሳሕን ማጠብ፣ ጀሪካን መግፋት ይችላል፣ እጁ አይቆረጥም። ከቁርሱ መጀመሪያ የልጅቱ ድርሻ ይነሣላት፤ የተረፈ ሲኖር ሳይሆን መጀመሪያ። አንድ አባት ይህን ሰምተው «እኔ ነኝ ከዛሬ ጀምሮ የማቀርበው» ብለውኛል። ማን እንደሆኑ አልናገርም፣ ጓደኞቻቸው እንዳይቀልዱባቸው።

የከተማው ምገባ እያለ ይህ ሁሉ ምንድነው የሚልም ይኖራል። እንደሚታወቀው የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከ2012 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ በመንግሥት ት/ቤቶች ልጆችን ቁርስና ምሳ ማብላት ጀምሯል። ከዚያ በፊት ልጆች በራብ ምክንያት ክፍል ውስጥ ተዝለፍልፈው ይወድቁ እንደነበር፣ መምህራንም ከኪሳቸው እያወጡ ዳቦ ይገዙ እንደነበር ከናንተ መካከል የምታውቁ አላችሁ። በዚህ ምክንያት በት/ቤቱ በምግብ ሥራ የተቀጠሩ የሰፈራችን እናቶችም አሉ። ትልቅ ነገር ነው፤ ሊመሰገን ይገባዋል።

ነገር ግን ሁለት ክፍተት አለ። አንደኛው በኛው እጅ ያለ ነው። የት/ቤቱ ቁርስ የሚቀርበው ከሰልፍ በፊት ነው። ዘግይቶ የደረሰ ልጅ ቁርሱ ያመልጠዋል። ዳቦ እንዲሰለፍ፣ ሱቅ እንዲሄድ፣ ውኃ እንዲቀዳ ጠዋት የምንልከው ልጅ በነጻ የቀረበለትን ገንፎና ፍርፍር ሳይበላ ክፍል ይገባል፤ በቤትም «ት/ቤት ይበላል» ተብሎ አልተቀመጠለትም። በሁለት ቤት መካከል ተራበ ማለት ነው። ስለዚህ ምገባ ላይ ያለ ልጅ ያላችሁ ሁሉ የጠዋቱን መልእክት ወደ ማታ አዙሩት፣ እባካችሁ።

ሁለተኛው ክፍተት ከ8ኛ ክፍል በላይ ያሉት ናቸው። ምገባው እስከ 8ኛ ክፍል ነው። ልጁ 9ኛ ሲገባ ሆዱ የሚጠይቀው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፣ ከሁሉ ይልቅ የሚያድግበት ጊዜ ነው፤ መንገዱም ይርቃል። ምግቡ ግን ያኔ ይቆማል። የ12ኛ ክፍል ፈተናን ነገር ሁላችሁም ሰምታችኋል። ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. ፈተና ከመቶ 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. ከመቶ 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ከመቶ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 8.4 ናቸው። ይህ በቁርስ ምክንያት መጣ የሚለኝ ሰው ካለ አላምነውም። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ የተከማቸ ነው፣ እኛም በዚህ አዳራሽ ውስጥ የምንፈታው አይደለም። ግን ፈተናው እንዲህ ከባድ ሆኖ ሳለ ልጁን ከነድካሙ፣ ከነራቡ መላክ ሌላ ሸክም መጨመር ነው። ፈተናውን ማቅለል አንችልም፤ ሸክሙን ግን በጥቂቱም ቢሆን ማቅለል እንችላለን።

ስለዚህ ኮሚቴው ለናንተ የሚያቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። ከአዳራሹ ኪራይ ከሚገኘው ገቢ ላይ ተቀንሶ ገብስና ሽምብራ በጅምላ ይገዛል። እዚሁ ግቢ ውስጥ ይቆላል፣ በሶው በወፍጮ ቤት ይፈጫል። በየወሩ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ተማሪ ላለበት ችግረኛ ቤት በሶና ቆሎ ይሰጣል። የገንዘብ ያዣችን ሒሳቡን ሠርተው አምጥተዋል፣ ከጸደቀ በሰሌዳው ላይ ይለጠፋል። አንዳንድ የኮሚቴ አባላት በዚህ ገንዘብ ለአዳራሹ አዲስ ወንበር ይገዛ የሚል ሐሳብ ነበራቸው። ወንበሩም ያስፈልጋል፣ አልክድም፤ የተቀመጣችሁበት ይመሰክራል። የኔ ሐሳብ ግን ወንበሩ አንድ ዓመት ይጠብቅ የሚል ነው።

ስለ አሰጣጡ አጥብቄ የምናገረው አንድ ነገር አለኝ። ስም በሰሌዳ ላይ አይለጠፍም። ልጆች ተሰልፈው አይቀበሉም። ያ ልጅ ዕድሜው 16 ነው፤ የክፍል ጓደኞቹ እያዩት «የችግረኛ በሶ» ከሚይዝ ተርቦ መዋልን ይመርጣል። እኛም ብንሆን በዚያ ዕድሜ ያንኑ እናደርግ ነበር። መዝገቡ በኔና በገንዘብ ያዣችን እጅ ብቻ ይቆያል። እሽጉ ማታ ማታ በወላጅ እጅ ይሰጣል፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ከረጢት ይሆናል፤ በዋጋው መግዛት የሚፈልግ አባልም በዚያው ከረጢት ይገዛል። እንዲህ ከሆነ ማን ገዝቶ ማን ተሰጥቶት እንደሆነ አይታወቅም። ይህን ዘዴ ያመጡት ከእድራችን እናቶች አንዷ ናቸው፣ እኔ አይደለሁም።

ድምፅ የሚሰጠው ከሻይ ዕረፍት በኋላ ነው። ሐሳቡ ከጸደቀ የመጀመሪያው ቆላ የሚሆነው በሚመጣው እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ነው። ብረት ምጣድ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ ባለፈው ዝግጅት የተዋስነው የእትዬ ምጣድ እጀታው ስለላላ አይሆንም። እንጨቱን የጥበቃው ሠራተኛ ያዘጋጃል። ወንዶችም ለማማሰል ኑ፤ የገብስ ቆሎ እጅ ካልሰነፈ አያርርም። ተማሪ ያለባችሁና መመዝገብ የምትፈልጉ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ጽ/ቤት ብቅ በሉ፤ በዚያ ሰዓት ከኔ በቀር ሰው አይኖርም።